የሬይኖ ስምንት ካሜራዎች

ኦገስት 20፣ እሁድ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለጓሮው ነበር፤ ቲማቲሙ መቼ እንደተተከለ፣ የመጀመሪያው ውርጭ መቼ እንደጣለ ልጽፍበት። ገልበጥ ገልበጥ ሳደርገው ግን ገጹን የሞላው ስለ ባሌ ማጉረምረም ነው። እንግዲህ ይሁን፤ ቲማቲሙም ይስማ።

ሬይኖ ዛሬ ካሜራዎቹን ሰቅሎ መጣ። ስምንት ናቸው። ዛፍ ላይ በማሰሪያ ያስራቸዋል፣ አጋዘን በፊታቸው ሲያልፍ በራሳቸው ያነሳሉ፣ እሱ በየእሁዱ እየሄደ ካርዳቸውን ይለውጣል። ኖቬምበር 15 የአደኑ መክፈቻ ሲደርስ ትልቁ ቀንዳም በየት ወጥቶ በየት እንደሚገባ ከአጋዘኑ እናት የበለጠ ያውቃል። ሲሰቅል ብቻውን ነው። ሽታው እንዳይቀር የጎማ ቦቱን ያጠልቃል፣ ሽታ በሌለው ሳሙና ይታጠባል፣ ጠዋት ቡና እንኳ አይቀምስም።

የት እንደሰቀላቸው አልጠየቅኩም። እዚህ አገር ሚስት ባሏን "ሌላ ሴት ጋር ነበርክ ወይ?" ብላ ትጠይቅ ይሆናል እንጂ "ካሜራህ የት ነው?" ብላ አትጠይቅም። ወንድም ለወንድሙ አይነግርም። የሬይኖ አባት ቦታዎቹን በልቡ ይዞ ነው የተቀበረው፤ በቀብሩ ላይም ሰው ይህንኑ እንደ ትልቅ ምስጋና ነበር ያነሳለት።

አንድ ነገር ብቻ። ለምሳ የሚመለሰው ሰው ለእራት ነው የመጣው። የቋጠርኩለት ፓስቲ፣ ሥጋና ድንች የታጨቀበት ሊጥ፣ ከነመጠቅለያው ተመለሰ። "ሙቀቱ ነው" አለ። ሙቀቱ ይሆናል።

ኦገስት 27፣ እሁድ

ሦስት ካርድ ይዞ መጣ። የቀሩትስ ስለው፣ "ሽታዬን ላለማብዛት ተውኳቸው" አለኝ። ኮምፒውተሩ ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠን አየናቸው። ሁለት እናቶች ከነግልገሎቻቸው፣ ጀርባውን የሰጠ ድብ፣ አንድ ገና የሚጎረምስ ወንድ። ይህን ሰዓት እወደዋለሁ። ሌላ ጊዜ ዝም የሚለው ሰው ያኔ እንደ ሬዲዮ ያወራል።

ሴፕቴምበር 3፣ እሁድ

ሦስት ካርድ። እነዚያው ሦስቱ። አምስቱ ተሰርቀዋል አለ።

"ማን ይሰርቃል?"

"ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። ድዌይን ነው።"

ድዌይን ከእኛ ቀጥሎ ያለውን ቤት የገዛ፣ ወደ እኛ ከሚያሻግረው ትልቅ ድልድይ ወዲያ ከታችኛው አገር ከመጣ ሦስት ዓመት የሆነው ሰው ነው። ብቻውን ይኖራል። ከዚያ የመጣ ሰው ደግሞ ገና ሳይሰርቅ ሌባ ነው። ማክሰኞ ለዶሮዎቹ እህል ልገዛ ስሄድ ለሱቁ ሁሉ አወራሁ። ምላሴ መቼም አያርፍም።

ሴፕቴምበር 9፣ ቅዳሜ

ኖርማን ቤት ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያው፣ ገባን። የሬይኖ የልጅነት ጓደኛው ነው፤ ሃምሳ ዓመት አብረው አድነዋል። ከሳውናው ወጥተን ስንበላ ስለ ካሜራው ነገር ተነሳና እኔም ለማሳቅ፣ "ሬይኖ ዘንድሮ ካሜራዎቹን ለአጋዘኖቹ አከራይቷቸዋል" አልኩ። ሁሉም ሳቁ። እሱም ሳቀ። በጠረጴዛው ስር ግን ጉልበቴን ያዘኝ። የፈለገው ዝም እንድል መሰለኝ። አሁን ሳስበው የሚይዘው ነገር የፈለገ ይመስለኛል።

ሴፕቴምበር 10፣ እሁድ

ሁለት ካርድ።

ሴፕቴምበር 17፣ እሁድ

አንድም። ከጫካው እንደተመለሰ ከቤት አሳፍሮኝ መኪናውን በቀጥታ ወደ ድዌይን ግቢ ነዳው፤ እኔም ከጎኑ ነበርኩ። መኪናው ውስጥ ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ።

"ካሜራዎቼን መልስ።"

ድዌይን እንጨት እየፈለጠ ነበር። መጥረቢያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። "የትኞቹን ካሜራዎች፣ ጋሼ?"

"የወሰድካቸውን።"

"የት ነበሩ? አብረን ሄደን እንያ።"

ሬይኖ ወደ ጫካው ዞሮ አየ። "ቦታዬን ላሳይህ ነው? ሞኝህን ፈልግ!" ብሎ ተመለሰ። ጥሩ መለሰለት አልኩ በልቤ። ቤት ስንደርስ መኪናውን ካጠፋ በኋላ መሪውን እንደያዘ ብዙ ተቀመጠ። ድንቹን ልልጥ ገባሁ።

ሴፕቴምበር 21፣ ሐሙስ

የሬይኖ መኪና ከግቢ እንደወጣ ድዌይን መጣ። የዳቦ ላስቲክ ውስጥ አንድ ካሜራ ይዟል።

"ከኩሽናዬ ጀርባ ያለው የፖም ዛፍ ላይ ነው ያገኘሁት" አለኝ። "ወደ መስኮቴ ዞሮ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ፎቶ አለበት፤ ሁሉም ሳህን ሳጥብ ነው። ቀንድ እንደሌለኝ ይንገሯቸው።"

ልስቅ ፈልጌ አልቻልኩም። ሱቁ ውስጥ ያወራሁት ወሬ ጆሮው ገብቷል፤ ፊቱ ላይ ይታያል፤ ቢሆንም አላነሳውም።

"ጋሼ ደህና ናቸው ግን?"

"ደህና ነው። በጸደይ ቀያሾች የመሬቱን ወሰን በድጋሚ ለክተውት ነበር፤ ተምታቶበት ነው።"

"የእኔን ወሰን አልለኩም፣ እማማ አይሊ።"

"ደህና ነው አልኩህ እኮ።"

ካሜራውን ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ደበቅኩት። ለሬይኖ እነግረዋለሁ፤ ጥሩ ቀን ይምጣና።

ሴፕቴምበር 24፣ እሁድ

ምንም። ጥሩ ቀን አልመጣም።

ኦክቶበር 1፣ እሁድ

ምንም። ኮቱን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ ወረቀት አገኘሁ። ካርታ ነው! በእርሳስ የተሳለ፤ መንገድ፣ ወንዝ፣ ጎተራ፣ ጉድጓድ፣ ሳውና፣ ስምንት የመስቀል ምልክት። በሕይወቱ ቦታ ጽፎ የማያውቅ ሰው! ልቤ በደስታ ዘለለ። ቶሎ ብዬ ገለበጥኩትና ወደ ኪሱ መለስኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ይህ ወረቀት ስምንቱን ይዟል።

ኦክቶበር 3

ሬይኖ ኖርማንን እንጨት ሊያግዝ ሲሄድ ወጣሁ። ወንዙን አገኘሁ። ጎተራ የለም። እግሬ በረግረጉ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገባ።

ኦክቶበር 5

እንደገና። የድሮው የግንድ ቆራጮች መጠለያ ጎተራው ይሆናል ብዬ ከዚያ ቆጠርኩ። አራት ሰዓት ዞርኩ። ምንም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እኔ ደግሞ ዛፍ ሁሉ አቅፌ ዙሪያውን በእጄ ዳሰስኩ። ሰው ቢያየኝ ምን ይል ነበር።

ኦክቶበር 6፣ ዓርብ

ለሾርባ የሩታባጋ ሥር እየከተፍኩ ሳለ ገባኝ። ጎተራ፣ ጉድጓድ፣ ሳውና፣ ከሳውናው ወደ ወንዙ የሚወርድ መንገድ። የአባቱ እርሻ ነው። በ1971 ተቃጠለ፤ ዛሬ ጠጠር የሚቆፈርበት ጉድጓድ ሆኗል። ከዚህ ሠላሳ ማይል ይርቃል።

ለኤሪክ ሊያወርሰው የሳለው ይሆናል። ልጃችን ስለ አያቱ እርሻ ሁልጊዜ ይጠይቃል። አዎ፣ ለኤሪክ ነው።

ኦክቶበር 8፣ እሁድ

አንድ አገኘሁ።

ካርታውን ትቼ እሱን ራሱን አሰብኩ። አርባ አራት ዓመት ስሰማው የኖርኩትን። ካሜራ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ይዞራል፣ ፀሐይ ፊት ለፊት ገብታ ፎቶውን እንዳታነጣው። ከወገብ በላይ አይሰቀልም። ሁለት ዱካ በሚገናኝበት፣ ከውሃ መሻገሪያ ሃያ እርምጃ ገባ ብሎ፣ ቅርፊቱ ጠቆር ባለ ዛፍ ላይ። የሚያብረቀርቅ ምልክት አይሰካም፤ ያ ከድልድዩ ወዲያ ላሉት ነው። እሱ ጠዋት ከኖርማን ጋር ወደ ከተማ ሲሄድ እኔ ወደ መሻገሪያው ሄድኩ። ዝግባው ላይ ነበር። እንደ ልጅ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ካርዱን ቤት አምጥቼ ከፈትኩት። ሠላሳ አንድ የአጋዘን ፎቶ አለ። የቀረው ሬይኖ ነው።

ከታች ቀኑና ሰዓቱ፣ ሙቀቱም ተጽፏል። ኦገስት 27፣ ሬይኖ ከግራ ወደ ቀኝ ያልፋል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ከቀኝ ወደ ግራ። ሴፕቴምበር 3፣ ቆሞ ወደ ኋላው ያያል። ሴፕቴምበር 10፣ አምስት ጊዜ። ሴፕቴምበር 17፣ ድዌይን ጋ ከመሄዳችን በፊት፣ በዝግባው ላይ እጁን አሳርፎ፣ ጎንበስ ብሎ በቀጥታ ወደ ካሜራው ያያል፤ ፊቱ ፎቶውን ሞልቶታል፤ ሦስት ክንድ እንኳ አይርቀውም። አያየውም። ኦክቶበር 1፣ ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞት ቆሟል። ሰው ሲቀበር እንደዚያ ነው የሚይዘው። ከዚያ በኋላ ያሉት አሥራ ሁለት ፎቶዎች እንደዚያው ናቸው፤ ሳይንቀሳቀስ፤ ካሜራው ያነሳው ምናልባት ነፋሱ ቆቡን ስላወዛወዘው ነው።

ካሜራው በጣም በደንብ ተደብቆ ነበር። እኔም ያገኘሁት በዕድል ነው።

እሱ ያለባቸውን ሁሉ አጠፋሁ። አጋዘኖቹን ተውኳቸው። ከሰዓት በኋላ ካርዱን መልሼ ከተትኩት።

ኦክቶበር 12፣ ሐሙስ

ክሊኒክ። "ለጉልበትህ" ብዬ ነው የወሰድኩት። ነርሷ ዓመተ ምሕረቱን ጠየቀችው። "ሚስቴ የምትለኝ ዓመት ነው" አላት። ሳቀች። ወሩንስ? "ለመክፈቻው አንድ ወር የቀረው።" ይህን ስትሰማማ ከወንበሯ ልትወድቅ ነበር፤ ባሏ አዳኝ ነው። ሁሉንም ልክ ነው ብላ ጻፈች። ወደ መውጫው ስንሄድ ኮሪደሩ ውስጥ "እንዴት ነበርኩ?" አለኝ ቀስ ብሎ። "ጎበዝ" አልኩት።

ትልቁን ሐኪም ለማየት ያገኘሁት ቀጠሮ ዲሴምበር 12 ነው። ከዚያ በፊት የለም። ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ የለም።

ኦክቶበር 15፣ እሁድ

ዛሬ ተሳክቶልኝ ነበር።

"የዱር ፍሬ ልልቀም፣ ውሰደኝ" ብዬ ከኋላው ሆኜ ወደ መሻገሪያው መራሁት። ዝግባው ጋ ስንደርስ "እግሬ" ብዬ ፊት ለፊቱ ያለው ግንድ ላይ ተቀመጥኩ። እሱም ተቀመጠ። ቀና አለ። አየው።

ፊቱን መጻፍ አልችልም። ሃያ ዓመት ወደኋላ ሄደ። "አላልኩሽም? ሌባው ፈርቶ መልሶ ሰቀለው!" አለ። ካርዱን አወጣ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፣ አፏጨ። እኔም አብሬው ደስ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ካገባሁት ጀምሮ እንዲህ የወደድኩት ቀን ጥቂት ነው። ከዚያ ካሜራውን ከዛፉ ፈታው።

"እዚህ ታውቋል። ሌላ ቦታ እሰቅለዋለሁ" አለ። "አንቺ ዞር በይ።"

"ሬይኖ፣ እዚሁ ይሁን።"

"ዞር በይ አልኩሽ፣ አይሊ። ሥርዓት አለ።"

ዞር አልኩ። አርባ አራት ዓመት ዞር ስል ኖሬያለሁ። እርምጃውን መስማት እችል ነበር፣ በየት እንደሄደ መቁጠር እችል ነበር፤ እኔ ግን ፍሬ እየለቀምኩ ደስታዬን እያጣጣምኩ ነበር። ደደብ። ሲመለስ የት እንደሰቀለው አላየሁም። ማታ እራት ላይ ስለ ካሜራው ሳነሳበት፣ "የቱን ካሜራ?" አለኝ።

ኦክቶበር 18፣ ረቡዕ

ሌሎቹን ፈልጌ በእርሻችን በኩል ስመለስ ሬይኖ በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር። ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው። አፈሙዙ ወደ እኔ።

ቆምኩ። በጠመንጃው መነጽር እያየኝ ነበር፤ እኔም ያለ መነጽር አየሁት። አዳኝ ከአጋዘን እንዲለየኝ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሻለሁ። እጄን አውለበለብኩ። አላወረደውም። "ሬይኖ፣ እኔ ነኝ!" አልኩ። ከዚያም ቆየ። ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ አወረደውና "ማን ነሽ?" አለ፤ ስቀርበው ደግሞ፣ "አይሊ፣ ቀዝቃዛ ነው፤ ግቢ" አለኝ።

ለመክፈቻው መነጽሩን እያስተካከለ ነበር። በየዓመቱ ያደርገዋል። ጥይት ነበረው ወይ ብዬ አልጠየቅኩም።

ኦክቶበር 22፣ እሁድ

ኖርማን እንቁላል ሊወስድ ሲመጣ በሩ ላይ ያዝኩት።

"ሬይኖ ካሜራዎቹ የት እንዳሉ አያውቅም" አልኩት።

"ይነግርሻል ብለሽ ነው? ለአባቱም አልነገረም።"

"አይደለም፣ ኖርማን። አያውቅም ነው የምልህ።"

ሳቀ። "ጥሩ አዳኝ ማለት እኮ ሲጠየቅ የማያውቅ ነው።"

ምን ልበለው? ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ሬይኖ ድሮ አውቆ ዝም ይል ነበር፣ አሁን ሳያውቅ ዝም ይላል፤ ከውጭ ለሚያየው ሁለቱ ዝምታ አንድ ነው። ስለዚህ በረንዳው ላይ የሆነውን ነገርኩት። ያኔ ሳቁን ተወ። እንቁላሉን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

"ጠመንጃውን ለኤሪክ ልልክለት አስቤያለሁ" አልኩ።

"ያንን እንዳታደርጊ። የሰው ጠመንጃ አይነካም። እኔ አጠገቡ እሆናለሁ።"

"አንተ በሁለት መቶ ሜትር ርቀት ነው የምትቀመጠው። ወደ እሱ ስትመጣስ?"

"ሃምሳ ዓመት ወደ እሱ መጥቻለሁ፣ አይሊ" አለኝና እንቁላሉን ይዞ ሄደ። አጠገቡ የሚሆነው ሰው ነው መጀመሪያ የሚመታው። ይህን አልነገርኩትም። ለምን አልነገርኩትም?

ኖቬምበር 5፣ እሁድ

ኤሪክ ከኔቫዳ ደወለ። የማዕድን ሥራው ስላልለቀቀው ለመክፈቻው አይመጣም። "አባዬን አስቀሪው" ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር። "እማዬ፣ መክፈቻ ከቀረበት ይሞታል" አለኝ። ከሄደ ደግሞ ሰው ሊሞት ይችላል ልለው ነበር። ሬይኖ አጠገቤ ቆሞ ስልኩን ይጠብቅ ነበር። "በረዶ ገና አልጣለም" ብዬ ሰጠሁት።

ካሜራዎቹን መፈለግ ትቻለሁ። ሰባቱ እዚያው ናቸው።

ኖቬምበር 12፣ እሁድ

በረዶ። ሬይኖ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ ጠመንጃውን ፈታታው። ስሜን ትናንት ሁለት ጊዜ የፈለገ ሰው! እጁ ግን ምንም አልረሳም። መቀርቀሪያውን በአንድ እንቅስቃሴ ሳበው፣ ዘይት ቀባው፣ መለሰው፤ ወደ እጁ እንኳ አላየም። ያለዚያ ብረት ጠመንጃው ዱላ ነው። እንዴት እንደሚወጣ በደንብ አየሁ። ምላጩን ተጭኖ መቀርቀሪያውን ወደኋላ መሳብ ብቻ ነው።

ኖቬምበር 14፣ ማክሰኞ

እሱ ሳውና ገብቷል። ብረቱን አውጥቻለሁ። ካልሲ ውስጥ፣ ኮቴ ኪስ ውስጥ። ጠመንጃውን በማኅደሩ ዘግቼ ቦታው መለስኩት። እጄ ዘይት ዘይት ይሸታል። ሲያየው ይገድለኛል። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ባሌን ዘረፍኩ።

ኖቬምበር 15፣ ረቡዕ

ሳይነጋ ኖርማን መጥቶ ወሰደው። ማኅደሩን አልከፈተም፤ ጥይቱን በደረት ኪሱ፣ ፓስቲውን በጀርባ ኪሱ ከትቶ ሄደ። እዚያ ሲደርስ ይከፍተዋል፣ ያያል፣ በኖርማን መኪና እየጮኸ ይመለሳል። ምን እንደምመልስለት እያሰብኩ ጠበቅኩ። አልመጣም።

ልክ ሲነጋ ተኩሱ ጀመረ። ከየአቅጣጫው። በየዓመቱ ስሰማው ይህ የእገሌ ነው እያልኩ የምቀልድበት ተኩስ ነው። ዛሬ በእያንዳንዱ ኪሴን ዳሰስኩ። ብረቱ እዚሁ ነው፤ ስለዚህ እሱ አልተኮሰም። ቢሆንም በሚቀጥለው ደግሞ ዳሰስኩ። ሁለት ጊዜ አረፍ ለማለት ተኛሁ፤ ከነኮቴ።

ሲመሽ መጡ። ኖርማን ከመኪናው ሳይወርድ መስኮቱን አውርዶ፣ "ጥሩ ቀን ነበር!" አለኝ። "ቀንዱ ስድስት ቅርንጫፍ ያለው ወንድ በፊቱ አለፈ። ገና ልጅ ነው ብሎ ማረው። አላልኩሽም?"

ሬይኖ ገባ። ጠመንጃውን ቦታው ሰቀለ። ቦቱን አወለቀ፣ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ፣ እጁን ዘረጋ።

"አምጪው" አለ። "ኪስ ውስጥ ላብ ያዝገዋል።"

አወጣሁና መዳፉ ላይ አስቀመጥኩት። ካልሲውን አይቶ ፈገግ አለ፤ የራሱ ካልሲ ነበር። ዘይቱን አምጥቶ መጥረግ ጀመረ። እኔ ምድጃው ጋ ቆሜ ነበር።

"ጠዋት ገና ማኅደሩን ስከፍት አየሁት" አለ። "ተናደድኩ። በእግሬ ልመጣ ተነስቼ ነበር።"

"ለምን አልመጣህም?"

"አንድ ሰው በዛፎቹ መሃል ወደ እኔ መጣ። ብርቱካናማ ለብሷል። አነጣጠርኩበት።" ብረቱን ወደ መብራቱ አድርጎ አየው። "ማን እንደሆነ ለማሰብ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ፣ አይሊ። ያ ሁሉ ጊዜ ጣቴ ምላጩ ላይ ነበር። ኖርማን ነው። ሻይ ይዞልኝ ነው የመጣው።"

"ነገርከው?"

"ምን ብዬ?"

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ከበረንዳው ሆኖ እኔ ላይ ማነጣጠሩን ያስታውስ እንደሆነ ልጠይቀው አልደፈርኩም። መቀርቀሪያውን በጨርቅ ጠቀለለውና ወደ እኔ ገፋው።

"ውሰጂ። የት እንዳደረግሽው አትንገሪኝ። ብለምንሽም፣ ብቆጣሽም።" ከዚያ ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ሰጠኝ። "ሂጂ፣ አላይም።"

ሄጄ ደበቅኩት። ስመለስ እንደዚያው ግድግዳውን እያየ ተቀምጧል። ትከሻው ላይ እጄን አደረግኩ፤ እሱም እጁን በእጄ ላይ አደረገ፤ ሾርባው እስኪፈላ እንደዚያ ቆየን። ከእሱ የሰወርኩት ነገር አለ ብዬ ስፈራ ከረምኩ፤ ለካ ከእኔ በፊት አውቆት ብቻውን ተሸክሞት ኖሯል። በዚያ ዝግባ ስር ቆቡን አውልቆ የቆመ ዕለት ያውቅ ነበር።

የደበቅኩበትን እዚህም አልጽፈውም።

ኖቬምበር 19፣ እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ጠመንጃውን አወረደ። ኖርማን ከሰዓት በኋላ ለአደን ሊወስደኝ ነው አለ። ከዚያ ድምፁን ሰማሁ።

"አይሊ! መቀርቀሪያው የለም!"

"እንዴት የለም?"

"የለም እኮ! ሰው ቤታችን ገብቷል።" ፊቱ አመድ መስሏል። የተናደደ አይመስልም፤ የፈራ ነው የሚመስለው። "አንቺ አላየሽውም?"

ረቡዕ ያለኝን ልነግረው ወደ አፌ መጣ። ብነግረው ያምነኛል፤ መርሳቱንም እንደ አዲስ ያውቀዋል፤ ነገ ደግሞ እንደገና እነግረዋለሁ። እስከ ኖቬምበር 30 የአደኑ ወራት ገና አሥራ አንድ ቀን ይቀረዋል።

"አላየሁም" አልኩት።

"ድዌይን ነው።"

"ድዌይን አይደለም፣ ሬይኖ። መቀርቀሪያው ከቤት አይወጣም፤ እንፈልገው።"

መሳቢያዎቹን አወጣን። የእንጨት ሳጥኑን ገለበጥን። አልጋው ስር በሆዱ ተኝቶ ገባና ከዚያ ውስጥ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ፤ "መብራቱን ያዥልኝ፣ እዚህ ጨለማ ነው" አለኝ። ተንበርክኬ ያዝኩለት። ወደ ጠቆመኝ ጥግ ሁሉ አበራሁለት።